ፍሬ በል አራዊትና አዕዋፍ የደን ዘሪዎች ስለ መሆናቸው

ገበሬ እርሻውን የሚዘራው ዘሩን መርጦ፣ መሬቱን አርሶ፣ ወቅቱን ጠብቆ ነው። ደንን ግን የሚዘራው ማን ነው? በከፋና በሸካ፣ በኢሉባቦርም ተራሮች ላይ የቆመውን የዝናብ ደን ገበሬ አልዘራውም፤ ችግኝ ጣቢያም አላፈላውም። አፈር በሌለበት ከፍታ፣ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ የሾላና የዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ በቅሎ ሥሩን ወደ ምድር ሲያወርድ የተመለከተ ሰው፣ ያን ዘር ከዚያ ያኖረው ማን እንደ ሆነ ቢመረምር፣ ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ወይም ጦጣ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ነገር ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። አገር የሚያስተዳድር ሹም፣ ሰፊ መሬት በይዞታው ያለው ሰው፣ የወረዳ ሠራተኛም ስለ ደን ጥበቃ ሲያስቡ ዘወትር የሚታያቸው መጥረቢያና እሳት ነው። ዛፉ ካልተቈረጠ፣ እሳትም ካልገባበት፣ ደኑ ዳነ ይባላል። ዳሩ ግን ዛፉ ሁሉ በስፍራው ቆሞ ሳለ ከሥሩ ተተኪ የማይበቅልበት ደን አለ። እንዲህ ያለው ደን ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ገብተው ሲመረምሩት ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትን መንደር ይመስላል። ኬንት ሬድፎርድ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1992 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ዛፉ ሳለ አራዊቱ በአደን ያለቁበትን ደን «ባዶ ደን» ብለው ጠርተውታል። እንግዲህ ደንን የሚጠብቅ ሰው የደኑን ዘሪዎች ካልጠበቀ ሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ዛፍ እግር ስለሌለው ልጁን ወደ ሩቅ የሚልከው ተሸካሚ ቀጥሮ ነው። የተሸካሚውም ደመወዝ የፍሬው ሥጋ ነው። ዘሩ ለጉዞ እስኪደርስ ድረስ ፍሬው አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ መራራ ወይም ኮምጣጣ ሆኖ ይቆያል፤ ዘሩ በደረሰ ጊዜ ግን ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል። ይህም በላተኛውን «አሁን ና» ብሎ እንደ መጥራት ነው። በዝናብ ደን ውስጥ ከሚገኙት የዛፍ ዓይነቶች የሚበዙት ዘራቸውን የሚበትኑት በዚህ መንገድ ነው። በኢትዮጵያም ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቀራሮ፣ ቡናም ራሱ በጫካነቱ ጊዜ፣ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ተሸካሚው ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ፍሬው ከእናቱ ሥር ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን ጉዳት አድርጎ አያስበውም፤ ዘር መሬት ከነካ ይበቅላል ብሎ ያምናልና። ነገር ግን የእናት ዛፍ ሥር ለልጅ ክፉ ስፍራ ነው። ፍሬው እዚያ ስለሚከማች ነቀዙ፣ ሻጋታው፣ አይጡም ወደዚያው ይሰበሰባል፤ ጥላውም ቡቃያውን ያቀጭጨዋል። ዳንኤል ጃንዘን በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 ይህን ሐሳብ አስፋፍተው ከጻፉ በኋላ ሌሎች በየአገሩ ፈትነውታል። በፓናማ ደን ቪሮላ በሚባል ዛፍ ላይ ሄንሪ ሃውና ባልደረቦቻቸው በ1985 ያሳተሙት ጥናት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። ከእናቱ ሥር ከወደቀው ዘር ውስጥ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በላይ በ12 ሳምንት ውስጥ ጠፋ፤ ከሁሉ የበለጠውንም ጥፋት ያደረሰው ነቀዝ ነበር። ወፎች 45 ሜትር ያህል አርቀው የጣሉት ዘር ግን በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከ40 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የወፏ ክንፍ ለዛፉ የሚሰጠው አገልግሎት ከብዙ ኩንታል ማዳበሪያ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመሸከም ቀጥሎ የሚመጣው አገልግሎት ዘሩን ማጽዳት ነው። በቤቷ የዱባ ወይም የቲማቲም ዘር ለከርሞ የምታስቀምጥ ሴት ዘሩን ከሥጋው ለይታ፣ አጥባ ነው እንጂ ከነሥጋው አትቀብረውም። ቡና የሚያፈላም ሰው ቀዩን ልጦ ፍሬውን ብቻ ይዘራል። ምክንያቱ አንድ ነው። የፍሬው ሥጋ ዘሩ ያለ ጊዜው እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር በውስጡ ይዟል፤ ጣፋጭነቱም ሻጋታን ይጠራል። ዝንጀሮ ሥጋውን መጥጦ ፍሬውን ሲተፋ፣ ወፍም ውጦ ዘሩን መልሶ ሲያወጣ፣ ያቺ ሴት በማድጋ ውሃዋ የምታደርገውን ሥራ ማድረጋቸው ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት በሆድ ውስጥ የሚደረገው ነው። ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር በጥርስ ሲፋቅ፣ በሆድ ውስጥ ባለው ኮምጣጣ ፈሳሽ ሲርስ፣ ቅርፊቱ ሳስቶ ውሃ ይገባዋል፤ ፈጥኖም ይበቅላል። ሆኖም በዚህ ነገር ብዙ ሰው ከመጠን አልፎ ይናገራል፤ «ዘር ሁሉ በሆድ ካላለፈ አይበቅልም» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። አና ትራቬሴት የተባሉ የእስፓኝ አገር ሊቅ በ1998 ቀድሞ የተደረጉትን ፈተናዎች ሰብስበው ቢመረምሩ፣ በሆድ ማለፍ ዘርን የሚለውጠው ከተፈተኑት ዕፀዋት በእኩሌታው ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ከተለወጡትም ውስጥ የሚበዙት ተሻሻሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ተጐዱ። ደግሞ ሳሙኤልስና ሌቪ በ2005 እንደ ገለጹት፣ ከቀደሙት ፈተናዎች ብዙዎቹ በሆድ ያለፈውን ዘር ሲያስተያዩት በእጅ ከታጠበው ዘር ጋራ ብቻ ነበር፤ በፍሬው ውስጥ እንዳለ ከቀረው ዘር ጋራ አላስተያዩትም። በደን ውስጥ ግን ማንም ሰው ዘር አያጥብም። ስለዚህ የአራዊቱ እውነተኛ ጥቅም የሚታወቀው በሥጋው ተሸፍኖ ከወደቀው ዘር ጋራ ሲመዛዘን ነው።

በዚህ ነገር መቸኰል ምን ያህል እንደሚያሳስት የሞሪሸስ ደሴት ታሪክ ያስተምራል። በዚያች ደሴት ዶዶ የሚባል መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ ነበረ፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም ጠፋ። ስታንሊ ቴምፕል የተባሉ አሜሪካዊ በ1977 እንደ ጻፉት፣ ታምባላኮክ የሚባለው የደሴቲቱ ዛፍ ዘሩ በዶዶ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም ነበርና፣ ወፉ ከጠፋ ወዲህ ዛፉም መካን ሆኖ ቀረ። ይህንንም ለማስረዳት 17 ዘር ተርኪ ለሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች አበሉ፤ 7ቱ በሆዳቸው ተፈጩ፣ 10ሩ በደኅና ወጡ፣ ከነዚያም 3ቱ በቀሉ። ታሪኩ ስለ ማረከ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ነገር ግን ያልተበላ ዘር አጠገቡ ተዘርቶ አልተመዘነም ነበር። ደግሞ በ1940ዎቹ ዓመታት የዚሁ ዛፍ ዘር በማንም ሆድ ሳያልፍ መብቀሉ ተጽፎ ቆይቶ ነበር፤ በ1991 ዊትመርና ቼክ ይህን ሁሉ አንሥተው የቴምፕልን ቃል ነቅፈዋል። እንግዲህ አስተዋይ ሹም ከዚህ የሚማረው፣ የአራዊትን ጥቅም በተረት ሳይሆን በማስረጃ መያዝን ነው። ማስረጃው ብቻውን በቂ ነውና የተረት ጭማሪ አያስፈልገውም።

ከዚህ ይልቅ የተረጋገጠው ምሳሌ ከወደ ኡጋንዳ ይመጣል። በኪባሌ ደን ባላኒቴስ ዊልሶኒያና የሚባል፣ በኢትዮጵያ ቆላ የሚታወቀው የበደኖ ዘመድ የሆነ ታላቅ ዛፍ አለ። ፍሬው ትልቅ ስለ ሆነ የሚውጠው ዝሆን ነው። በዝሆን ሆድ ያለፈው ዘር ካላለፈው ይልቅ በብዛትም በፍጥነትም እንደሚበቅል ታይቷል። በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ዝሆን ያለበትን የኪባሌን ደን ዝሆን ከሌለበት ከማቢራ ደን ጋራ ሲያስተያይ፣ ዝሆን በሌለበት ደን ቡቃያው ከእናቱ ሥር ሳይርቅ እንደሚቀር አስታውቋል። በዚያው በኪባሌ ዙሪያ ቻፕማንና ኦንደርዶንክ በ1998 እንዳሳዩት፣ ጦጣና ዝንጀሮ ባነሱባቸው ቁርጥራጭ ደኖች የቡቃያው ብዛትም ዓይነትም ከዋናው ደን ያነሰ ነው።

ፍሬ የሚበላ ሁሉ ግን ዘሪ አይደለም። ጉሬዛ ይልቁን ቅጠል በል ነው፤ ያልበሰለ ዘር ሲያገኝም አኝኮ ያጠፋዋል። ከርግብ ወገን ጥቂቶቹ በሆዳቸው በያዙት ጠጠር ዘሩን ይፈጩታል። ጦጣና ዝንጀሮ በጉንጫቸው ከረጢት ፍሬ ሞልተው ከዛፉ ርቀው ይሄዳሉ፤ እየበሉም ዘሩን በየመንገዱ ይተፋሉ፤ ትንንሹን ዘር ግን ይውጡታል። ጥርኝ ዓይነ ምድሩን የሚጥለው በአንድ ስፍራ እያጠራቀመ ስለ ሆነ፣ ያ ስፍራ የብዙ ዓይነት ዘር መደብ ይሆናል፤ ጢንዚዛም ከዚያ ዘሩን ወደ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። የሌሊት ወፍ ደግሞ ፍሬውን ይዞ ወደ ሌላ ዛፍ በርሮ ከበላ በኋላ ትልቁን ዘር ይጥላል፤ ትንንሹንም እየበረረ ይረጨዋል።

በኢትዮጵያ ደኖች ከነዚህ ሁሉ ልዩ አስተያየት የሚገባው፣ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ በመንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ቆብ የደፋ፣ የእርኩም ዘመድ የሆነው ታላቅ ወፍ ነው። ይህ ወፍ ፍሬውን እንዳለ ውጦ፣ ሥጋውን ካስቀረ በኋላ ትልቁን ዘር ሳይጎዳ በአፉ ይመልሰዋል፤ ረጅም መንገድ ስለሚበርም ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ዘር ያሻግራል። እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ሴቲቱ በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ወንዱም በቀረው ቀዳዳ ፍሬ እያመላለሰ ይመግባታል። ስለዚህ «አርጅቷል፣ ውስጡም ተፈልፍሏል፣ ለጣውላ አይረባም» ተብሎ የሚቈረጠው ዛፍ የዚህ ዘሪ ቤት ሊሆን ይችላል።

የአፍ ስፋትም በዚህ ነገር ታላቅ ቁም ነገር አለው። ትንሽ ወፍ ትንሽ ዘር ይውጣል፤ ትልቁን ግን መሸከም አይችልም። በኬንያ የካካሜጋ ደን ፋርቪግና ባልደረቦቻቸው በ2006 እንዳሳተሙት፣ የጥቁር እንጨት ፍሬ በተቈራረጠውና በተረበሸው ደን እንኳ በላተኛ አላጣም፤ እንዲያውም ትንሽ በዝቶለታል። ፍሬው መካከለኛ ስለ ሆነ ብዙ ዓይነት በላተኛ ይስማማዋልና። የትልልቅ ዘር ዛፎች ዕጣ ግን ሌላ ነው። በብራዚል አትላንቲክ ዳርቻ ባለው የዝናብ ደን ማውሮ ጋሌቲና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ ትልልቅ አፍ ያላቸው ወፎች በጠፉባቸው ስፍራዎች የአንድ ዘንባባ ዘር መጠኑ እየኰሰሰ መሄዱን አሳይቷል። ትንሹ ዘር በድርቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ቡቃያውም ደካማ ነው። እንግዲህ ወፉ ሲጠፋ ዛፉ ቢቀር እንኳ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይቀርም። በኢትዮጵያ ደኖች ለጣውላ እጅግ የሚፈለገው ቀራሮ ዘሩ ትልቅ ነው፤ ታላላቆቹ ተሸካሚዎች ካለቁ ትንንሾቹ ወፎች ሊተኩለት አይችሉም።

አንድ ሰው «አፈሩ ዘር ስለሚያከማች፣ አራዊቱ ለጊዜው ቢጠፉ ደኑ ከአፈሩ ይታደሳል» ቢል፣ ለዚህ መልሱን ደመል ተክታይና ግራንስትሮም በ1995 ስለ ኢትዮጵያ ደጋ ደኖች አፈር ያሳተሙት ጥናት ይሰጠዋል። በአፈሩ ውስጥ የተገኘው ዘር የሚበዛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል እንጂ የደን ዛፍ አልነበረም። ያ ጥናት የተደረገው ከዝናቡ ደን ይልቅ በደረቁ የደጋ ደን ነው፤ ዳሩ ግን የዝናብ ደን ዛፎች ዘር የበዛው ለስላሳና እርጥብ ስለ ሆነ ቢደርቅ ይሞታል እንጂ ለዓመታት አይቆይም። ዶቅማ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የደን ዛፍ ጎተራ የለውም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ነው። በየዓመቱ የሚዘራለት ከሌለ በየዓመቱ ይከስራል።

ከ2019 ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ በተባለው ዘመቻ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል ቆይቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የተተከለው ችግኝ ብቻ እየተቈጠረ፣ በቆየው ደን ሥር በራሱ የበቀለው ቡቃያ ሳይቈጠር ቢቀር፣ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው እየተዘጋ መሆኑን የሚያይ አይኖርም። ሰው የሚያፈላው ጥቂት ዓይነት ነው፤ ደኑ ግን ብዙ ዓይነት ነው። የቀረውን ያለ ደመወዝ የሚዘሩት አራዊቱና አዕዋፉ ናቸው።

በዚህ ላይ የገበሬው አቤቱታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዝንጀሮ በአንድ ጥዋት የበቆሎ ማሳ ሲያራቁት፣ ጦጣም የቀላውን ቡና ሲያረግፍ ያየ ሰው፣ «እነዚህ የደን ዘሪዎች ናቸውና ታገሥ» ቢሉት አይሰማም፤ ልጆቹም ማሳ ለመጠበቅ ከትምህርት ይቀራሉ። የደኑ ጥቅም ለአገር ሁሉ ሆኖ ጉዳቱ በደን ዳር ለሚኖረው ድኻ ብቻ ሲሆን ፍርድ አይባልም። ነገር ግን ሹሙ መፍትሔ ብሎ በአራዊቱ ላይ የጅምላ አደን ቢያውጅ፣ ዛሬ የሚድነው የአንድ ዓመት በቆሎ ነው፤ የሚጠፋው ግን የመቶ ዓመት ደን ነው። መርዝ ቢበተን ደግሞ ዝንጀሮና ጥርኝን ለይቶ አይገድልም። ስለዚህ መጠበቅ የሚገባው ማሳው ነው እንጂ መጥፋት የሚገባው አራዊቱ አይደለም፤ የጥበቃውም ድካም በሕፃናት ላይ ተጥሎ እንዳይቀር አስተዳደሩ ሊካፈለው ይገባል።

እንግዲህ በየስፍራው ያሉ ገዥዎች፣ ባለ ይዞታዎችና የወረዳ ሠራተኞች ሊፈጽሙት የሚቻላቸው ይህ ነው።

1ኛ፤ ደን ሲመረመር የቆመው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የበቀለው ቡቃያ በየዓይነቱ ይቈጠር። ትልልቅ ዘር ያላቸው ዛፎች ቡቃያ ከእናታቸው ሥር ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ዘሪው መታጣቱን ያስታውቃልና ምክንያቱ ይጣራ።

2ኛ፤ ሾላ፣ ዋርካ፣ ዶቅማና የመሳሰሉት በእርሻ መካከልም ቢሆኑ አይቈረጡ። ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ በሌለበት ሜዳ ዘር የሚጥል የለም፤ አንድ ሾላ በቆመበት ስፍራ ግን ብዙ ዓይነት ዘር ይወርዳል። ውስጡ የተፈለፈለ አሮጌ ዛፍም ለአዕዋፍ ቤትነት ይተው።

3ኛ፤ ማሳን ከአራዊት የመጠበቁ ሥራ በመንደሩ ማኅበር በተራ ይደረግ፤ በማማ ላይ የሚውለው ጕልማሳ ይሁን እንጂ ተማሪ ልጅ አይሁን። ዝንጀሮ የሚወደው በቆሎ ከደን ዳር ይራቅ፤ የማይወደው ተክል በዳሩ ይዘራ።

4ኛ፤ ችግኝ ጣቢያዎች የአራዊቱን ጥበብ ይከተሉ። የበሰለ ፍሬ ይሰብሰብ፤ ነቀዝ የነካው ይጣል፤ ሥጋው ተልጦ ዘሩ በውሃ ይታጠብ፤ እንደ ዶቅማ ያለው ለስላሳ ዘር ሳይደርቅ በቶሎ ይዘራ፤ እንደ ወይራ ያለው ጠንካራ ዘር ውስጡ ሳይጎዳ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ይሰንጠቅ።

5ኛ፤ አራዊቱ የዘሩትን ከብት እንዳይበላው ደኑ ይከለል። በደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ዐፀዶች የተደረገውና በ2009 የታተመው ጥናት ከብት በማይገባበት ስፍራ የዛፍ ቡቃያ እንደሚበረክት አረጋግጧል። ዘሪ ያለው ጠባቂ የሌለው ደን የዘሩትን አያበቅልም፤ ጠባቂ ያለው ዘሪ የሌለው ደንም እንዲሁ።

ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሕያው ሀብት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። ይህ ክብር ለአገር ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ዘር አይዘራም። በነዚያ ደኖች ዛሬ የሚቆመው ታላቅ ቀራሮ፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እንስሳ ከእናቱ ሥር አርቆ የጣለው ዘር ነበር። ዛሬ የሚጣለው ዘርም ለዛሬው ሹም ጥላ አይሆንም፤ ለልጅ ልጆቹ ነው። ያ ዘር ተሸካሚ እንዳያጣ ማድረግ ግን በዛሬው ሹም እጅ ያለ ነገር ነው።